ቶሎ የሚይዝ፣ ቶሎም የሚያረጅ፦ የሰው ሠራሽ ጎማ ፕላስተር ጥቅምና ጉዳት

በካፋ ዞን ማር፣ ኮረሪማና የተፈጨ ቡና አሽገው ለገበያ የሚያቀርቡ ነጋዴዎችና ማኅበራት ምርታቸውን ከቦንጋ ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ ካርቶኑ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በዚህ ሁሉ መንገድ ካርቶኑን ዘግቶ የሚያቆየው ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ፕላስተር ነው። ፕላስተሩ ከለቀቀ የማር ጠርሙስ ይሰበራል፤ የደከመ ሰው ልፋትም መንገድ ላይ ይቀራል። ሆኖም ፕላስተር ሲገዛ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ ነው። ከጀርባው የተቀባው ማጣበቂያ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው።

ለፕላስተር የሚውሉ ዋና ዋና ማጣበቂያዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ከጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሚገኘው የተፈጥሮ ጎማ ነው። ይህ ዛፍ በክልላችን በቤንች ሸኮ ዞን ጉራፈርዳ ወረዳ ስለሚለማ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን ሦስተኛው አክሪሊክ የሚባለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ሁለተኛው ነው።

ሰው ሠራሽ ጎማ ወደ ገበያው እንዴት ገባ?

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ዓ.ም.፣ ጃፓን ደቡብ ምሥራቅ እስያን ስትይዝ አሜሪካ ታስገባው ከነበረው የተፈጥሮ ጎማ 90 በመቶ የሚሆነውን አጣች። በዚህም ምክንያት ጎማን በፋብሪካ የመሥራት ጥረት በከፍተኛ ፍጥነት አደገ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ሲሞቅ የሚቀልጥ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ የሚለጠጥ አዲስ ዓይነት ሰው ሠራሽ ጎማ ለገበያ ቀረበ። በዛሬዎቹ የካርቶን ፕላስተሮች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር በሞለኪውሉ ቅርጽ ላይ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል እንደ ረጅም ክር ነው፤ መሐሉ ለስላሳና ተለጣጭ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ናቸው። ጠንካሮቹ ጫፎች እርስ በርሳቸው እየተሰባሰቡ ጥቃቅን ቋጠሮዎች ይፈጥራሉ፤ ለስላሳው መሐል ደግሞ በቋጠሮዎቹ መካከል እንደ መረብ ይዘረጋል። ጎማው ብቻውን ብዙ ስለማያጣብቅ ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ነገር፣ ጥቂት ዘይትና እርጅናን የሚያዘገይ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል።

ጥቅሞቹ

ዋነኛው ጥቅሙ በነካበት ቅጽበት መያዙ ነው። አክሪሊክ ሙሉ ጉልበቱን ለማግኘት አንድ ቀንና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል፤ የሰው ሠራሽ ጎማ ፕላስተር ግን በጣት ከተጫኑት በኋላ ወዲያውኑ ለጭነት ዝግጁ ነው። ማለዳ አሽጎ በዚያው ዕለት መኪና ላይ ለሚጭን ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

ሁለተኛው ጥቅም ሌሎች ማጣበቂያዎች በሚቸገሩበት ቦታ መያዙ ነው። የማር ባልዲና የላስቲክ ከረጢት የሚሠሩበት ፕላስቲክ ማጣበቂያን በቀላሉ አይቀበልም። ከአሮጌ ወረቀት ዳግም የተሠራ ካርቶንም ገጹ አቧራማና ሻካራ ስለሆነ እንዲሁ ነው። ለስላሳው ጎማ ግን ወደ ሸካራው ገጽ ሰርጎ ይገባል።

ሦስተኛው ውኃን መቋቋሙ ነው። ጎማ በውኃ አይሟሟም። የዓመቱን ብዙ ወራት ዝናብ በሚያገኘው በካፋ ምድር፣ በውኃ አርሰው ከሚለጥፉት የወረቀት ፕላስተር ይልቅ ይህኛው ይመረጣል። ይሁን እንጂ እርጥበት ካርቶኑን ራሱን ካለሰለሰው፣ ፕላስተሩ የወረቀቱን ገጽ ልጦ ይዞ ይነሣል። ጥፋቱ ያኔ የማጣበቂያው ሳይሆን የካርቶኑ ነው።

በፋብሪካም በኩል ጥቅም አለው። ማጣበቂያው ቀልጦ ስለሚቀባ ተቀጣጣይ ማሟሚያ ማትነን አያስፈልግም፤ ይህም ወጪን ይቀንሳል፣ የእሳት አደጋንና የሚበክል ትነትንም ያስቀራል። በተጨማሪም በተፈጥሮ ጎማ ውስጥ የሚገኙትና አንዳንድ ሰዎችን ለአለርጂ የሚያጋልጡት ፕሮቲኖች በሰው ሠራሹ ውስጥ የሉም።

ጉዳቶቹ

የመጀመሪያው ድክመት ሙቀት ነው። ቋጠሮዎቹ በሙቀት የሚላሉ ስለሆኑ ፕላስተሩ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል። የቦንጋ አየር ቀዝቃዛና ለስላሳ ቢሆንም፣ በፀሐይ የዋለ የአውቶቡስ ጣሪያና የተዘጋ የጭነት መኪና ውስጡ ከውጭው አየር እጅግ የበለጠ ይሞቃል።

ሁለተኛው ድክመት የማያቋርጥ ጭነት ነው። ከመጠን በላይ የተሞላ ካርቶን ክዳኑ ያለማቋረጥ ፕላስተሩን ይገፋዋል። ማጣበቂያው በአንድ ጊዜ አይበጠስም፤ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ማታ በሚገባ ተዘግቶ የነበረ ካርቶን ጠዋት ተከፍቶ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛውና ምናልባትም ከሁሉ የከፋው እርጅና ነው። በለስላሳው የጎማ ክፍል ውስጥ ያሉት የኬሚካል ትስስሮች ለኦክስጅን፣ ለኦዞንና ለፀሐይ ጨረር የተጋለጡ ናቸው። ፕላስተሩ በመስኮት ዳር ወይም በደጅ ከዋለ በመጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል ወይም ይደርቃል፣ በመጨረሻም ይለቅቃል። የተፈጥሮ ጎማም ይኸው ችግር አለበት፤ አክሪሊክ ግን ፀሐይን ለዓመታት ሊቋቋም ይችላል።

አራተኛው ዘይትና ቤንዚንን አለመቋቋሙ ነው። ዘይት የነካው ቦታ ላይ ማጣበቂያው ይቀልጣል። ለስላሳ ፕላስቲክ ላይ ሲለጠፍም ከፕላስቲኩ የሚወጣው ማለስለሻ ዘይት ወደ ማጣበቂያው እየገባ ያዳክመዋል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሦስት ጉዳዮች

የካርቶን ጉዳት በገንዘብ ይካሳል። በማይመች ቦታ የተለጠፈ ፕላስተር ግን ከዚያ የከበደ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የመጀመሪያው ሰነድ ነው። የተቀደደ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርን፣ የልደት ምስክር ወረቀትን ወይም የቆየ ፎቶግራፍን በካርቶን ፕላስተር መጠገን የተለመደ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ፕላስቲኩ ይላቀቅና ማጣበቂያው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ቡናማ ቅባት ያለው እድፍ ይተዋል። እድፉ ጽሑፍንና ማኅተምን ሊያደበዝዝ ይችላል፤ ማስለቀቁም ለባለሙያ እንኳ አስቸጋሪ ነው። የተቀደደ ሰነድ በንጹሕ ፖስታ ወይም በላስቲክ መያዣ ውስጥ ሳይለጠፍ ቢቀመጥና ምትኩ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ቢጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። የካርቶን ፕላስተር ለሽቦ አልተሠራም። ለሽቦ ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ማጣበቂያው ጎማ ስለሆነ፣ ፀሐይና ዝናብ በሚፈራረቁበት ደጅ ላይ በጊዜ ብዛት ሊፈታና ባዶውን ሽቦ ሊያጋልጥ ይችላል። የውጭ መጋጠሚያ በባለሙያ፣ ለዚሁ በተሠራ መሸፈኛ መዘጋት አለበት።

ሦስተኛው ምግብ ነው። የተሰነጠቀ የማር ባልዲን በፕላስተር ደፍኖ መጠቀም ማጣበቂያው ከማሩ ጋር እንዲነካካ ያደርጋል። የካርቶን ፕላስተር ማጣበቂያ ምግብ እንዲነካ ተደርጎ አልተሠራም፤ የተሰነጠቀ ባልዲ መለወጥ አለበት።

ገዢው እንዴት ይለይ?

በጥቅልሉ ማሸጊያ ላይ «ሆት ሜልት» ወይም «ሲንቴቲክ ረበር» የሚል ከተጻፈ ሰው ሠራሽ ጎማ ነው። ጽሑፍ ከሌለ ቀላል ሙከራ አለ። ቁራጭ ፕላስተር አሮጌ ካርቶን ላይ ለጥፎ በጣት አጥብቆ መጫን፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም መንቀል ነው። ወረቀቱን ልጦ ከተነሣ ጎማ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በቀላሉ ከለቀቀ ምናልባት ጊዜ የሚፈልገው አክሪሊክ ነው። ቀለሙም ፍንጭ ይሰጣል፦ ብርሃን አሳላፊ ከሆኑት መካከል የጎማው ወደ ቢጫ ያደላል፣ አክሪሊኩ ግን እንደ መስተዋት የጠራ ነው።

ከዚህ በመነሣት ምርጫው በሥራው ዕድሜና በሚውልበት ቦታ ይወሰናል። ለቀናት ወይም ለሳምንታት ለሚጓዝና ከፀሐይ ለተሸፈነ ካርቶን፣ በተለይም ለዳግም ካርቶንና ለፕላስቲክ፣ የሰው ሠራሽ ጎማ ፕላስተር ተመራጭ ነው። በመጋዘን ለወራት ለሚቆይ፣ በመስኮት ለሚታይ ወይም በጠርሙስ ላይ ለሚለጠፍ የምርት መለያ ግን አክሪሊክ ይሻላል።

የትኛውም ቢመረጥ አለጣጠፉ ወሳኝ ነው። የሚለጠፍበት ገጽ ደረቅና ንጹሕ ይሁን፤ ማር ወይም ቅባት የነካው ካርቶንም አስቀድሞ ይጠረግ። ፕላስተሩ ከክዳኑ አልፎ በካርቶኑ ጎንና ጎን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ይውረድ። ከለጠፉ በኋላም ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፍ አጥብቆ መጫን ያስፈልጋል፤ እነዚህ ማጣበቂያዎች የሚይዙት በተጫኑት መጠን ነውና። ያልተከፈተ ጥቅልልም ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ በቀዝቃዛ ስፍራ ቢቀመጥ ጉልበቱ ሳይቀንስ ይቆያል።