የፎቶ ካሜራ የሰርግ ቪዲዮን ሲረከብ
ዳሰሳ ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ

በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ የሰርግ ገበያ የሚደራው ጥር ላይ ነው። ከጥምቀት ማግስት ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያሉት ጥቂት ሳምንታት፣ ያውም ጾመ ነነዌ ሦስት ቀን ወስዶባቸው፣ ለዳስ አከራዩ፣ ለአዝማሪውና ለካሜራ ባለሙያው ሥራ የሚደራረብባቸው ናቸው። ሁለተኛው ወቅት ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። ሰርግ ሊቀርጽ የሚመጣው ሰው ግን እንደ ድሮው ትልቅ ቪዲዮ ካሜራ ትከሻው ላይ አያነግትም፤ የያዘው ለፎቶ ማንሻ የተሠራ ካሜራ ነው። ለውጡ የሰርግ ቪዲዮን መልክ አሳምሮታል። በዚያው ልክ ደግሞ የሰርግ ቪዲዮ ምን ማስቀረት እንዳለበት አዲስ ጥያቄ አምጥቷል።

ከካሴት ወደ ሜሞሪ ካርድ

የሰርግ ቪዲዮ ወደ ከተሞቻችን የገባው በቪኤችኤስ ካሴት ነበር፤ ሚኒ ዲቪ ተከተለው። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም ወደ ቪዲዮ ሲሸጋገር፣ ፊልሙንም ሰርጉንም የሚቀርጹት ተመሳሳይ ካሜራዎች ነበሩ። ፎቶ አንሺውና ቪዲዮ ቀራጩ ግን ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ሙያቸውም ዕቃቸውም ይለያያል።

ሁለቱን ያገናኘው እ.ኤ.አ. 2008 ነው። በነሐሴ ወር ኒኮን ዲ90 ይፋ ሆነ፤ ቪዲዮ መቅረጽ የቻለ የመጀመሪያው ዲኤስኤልአር (ሌንሱ የሚቀያየር፣ ባለ መስታወት ዲጂታል የፎቶ ካሜራ) ነበር፤ በኤችዲ አንዱ ቀረጻው ግን ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ወዲያው በመስከረም ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ሙሉ ኤችዲ ይዞ መጣ። እንደ ካኖን 550ዲ እና 600ዲ ያሉት ርካሽ ሞዴሎች ሲከተሉ፣ ትንሽ ፎቶ ቤት ያለው ሰው በአንድ ካሜራ ሁለት አገልግሎት መሸጥ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ካኖን 70ዲ በቪዲዮ ጊዜ ፎከሱን ራሱ ሳይንገጫገጭ ይከተል ስለነበር፣ በእጅ ፎከስ መያዝ ያልለመደውም ወደ ሥራው ገባ። ዛሬ ገበያው ወደ ሶኒ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎች አዘንብሏል።

ምስጢሩ ሴንሰሩ ላይ ነው

የሚኒ ዲቪ ካሜራ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ አምስት በአራት ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የካኖን 600ዲ ሴንሰር 22 በ15 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በስፋት ሃያ እጥፍ ያህል ይበልጣል። በዚህ ላይ ርካሹ ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ ሲገጠምለት በደብዛዛ ብርሃን ያያል፤ ከሙሽሮቹ ኋላ ያለውንም ያደበዝዛል።

ይህ ጥቅም ከሁሉ በላይ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። ሥርዓተ ተክሊል ከቅዳሴ ጋር ስለሚያያዝ ቀራጩ ገና ሳይነጋ መድረስ አለበት። ብርሃኑ ጧፍና ጥቂት አምፖል ነው። በካሴቱ ዘመን ቀራጩ ዓይን የሚያጠፋ መብራት ያበራ ነበር፤ ካህናቱንም ምእመናኑንም ያውክ ነበር። አሁን ያለ መብራት አክሊሉ ሲደፋ፣ ካባው ሲደረብ፣ ቀለበቱ ሲጠለቅ ይቀረጻል። ደንቡ ግን አልተለወጠም፦ ከአስተዳዳሪው ፈቃድ መጠየቅ፣ ጫማ ማውለቅ፣ ከተፈቀደው ቦታ አለማለፍ። ወደ መቅደስ ካሜራ አይገባም።

የደጋ ፀሐይና የዳስ ሸራ

ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በአቅራቢያዋ ያለው የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር ያልፋል። የጥር ሰማይ ጥርት ያለ ስለሆነ የቀትር ፀሐይ ትከርራለች። በአገራችን መብራት 50 ኸርዝ በመሆኑ ቀራጩ በሴኮንድ 25 ፍሬም መርጦ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ ላይ ያደርጋል፤ ይህ አምፖልና ፍሎረሰንት ሥር ምስሉ እንዳይርገበገብ ይረዳል። ደጅ ሲወጣ ግን ችግር አለ። በአይኤስኦ 100 እና በ1/50 ሸተር ሌንሱን እስከ ኤፍ 2.8 ከከፈተው፣ የሚገባው ብርሃን ከሚፈለገው ስድሳ አራት እጥፍ ነው። መፍትሔው ብርሃን የሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ነው። ፊልተር የሌለው ሸተሩን ወደ 1/3200 ይወስዳል፤ ያን ጊዜ የእስክስታው ትከሻ መፍሰሱን ትቶ ቁርጥርጥ ይላል።

ሌላው ፈተና ዳሱ ነው። ከሰማያዊ ሸራ የተሠራ ዳስ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማያዊ ይለብሳል፤ የሙሽሪት ሐበሻ ቀሚስ ነጭ መሆኑ ይቀራል። ዓይናችን ወዲያው ስለሚለምደው ነገሩ የሚታወቀው ኮምፒውተር ላይ ነው። ልምድ ያለው ቀራጭ ዳስ እንደገባ አንድ ነጠላ ሸራው ሥር ዘርግቶ በእሱ ዋይት ባላንስ (የነጭ ቀለም ልኬት) ይወስዳል። እንዲያም ሆኖ በጠርዙ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን ቀለሙ ሌላ ስለሆነ፣ ሙሽሮቹን ከዳሱ አፍ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበጃል።

ድምፅ፣ የዘነጉት ግማሽ

የፎቶ ካሜራ ለድምፅ አልተሠራም። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች የድምፁን መጠን ራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጉ ነበር። ሽማግሌው ሲመርቁ ድምፁ ደህና ነው፤ ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ሲሉ ካሜራው ዝምታውን ሊሞላ ከዳስ ጀርባ ያለውን ጀነሬተር ያጎላል፤ «አሜን» ሲባል ደግሞ ይጮኻል። ስለዚህ ሥራውን አክባሪው የድምፅ መቅጃ ከሚክሰሩ አጠገብ ወይም ገመድ አልባ ማይክ ከሙሽራው ልብስ ላይ ያደርጋል፤ ድምፁን ከምስሉ ጋር የሚያጋጥመው በኤዲቲንግ ጊዜ ነው።

የጊዜ ገደብም ነበር። ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ ፋይሉ አራት ጊጋባይት ሲሞላ፣ በ12 ደቂቃ ገደማ፣ ይቆማል። በኋላ የወጡትም ብዙዎቹ ከ29 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ አያልፉም ነበር፤ ምክንያቱ የአውሮፓ ቀረጥ ነው፤ ሠላሳ ደቂቃ የሚቀርጽ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ይቀረጥ ነበርና። የብራስልስ የቀረጥ ሰንጠረዥ በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለችው ፋርጣ የሚደረገውን ምርቃት ከመሃል ይቆርጥ ነበር ማለት ነው።

ማን ይታያል?

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሙሽሮቹ የሚፈልጉት ለስልክ የሚመች፣ ሙዚቃ የተጫነበት የአምስት ደቂቃ ክሊፕ ነው፤ ወላጆች የሚፈልጉት ማን መጣ፣ ማን መረቀ፣ ጥሎሹ እንዴት ቀረበ የሚለውን ነው። ራቅ ካሉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች፣ ከላይ ጋይንት ወይም ከእስቴ፣ በሌሊት ተነሥቶ የመጣ አጎት፣ በክሊፑ ውስጥ ከሙሽራው ኋላ ያለ የደበዘዘ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። የድሮው ካሴት መልኩ ባያምርም በየጠረጴዛው ዞሮ፣ እያንዳንዱን እንግዳ ከነጉርሻው ቀርጾ፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ያሳይ ነበር። ዛሬ ያ ካሴት የቤተሰብ መዝገብ ነው፤ በሕይወት የሌሉ አያቶች ድምፅ የሚሰማው እሱ ላይ ነው። ውጭ አገር ያለ ዘመድም የሚጠይቀው መጀመሪያ የሰዎቹን ፊት ነው።

የጊዜው ፈተና

ካሜራው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከእጥፍ በላይ ስለወጣ አዲስ ካሜራ መግዛት ከብዷል፤ ያገለገለ ዕቃና ኪራይ ተፈላጊ ሆነዋል። ሰርጉን ከአየር ለመቅረጽም ድሮን ለማስገባትና ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭትም መንገዱን አስፈሪ፣ የሌሊት ጉዞን የማይታሰብ አድርጎታል፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ቪዲዮው የሚደርሰው በፍላሽ ብቻ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል ለክሊፑና ለቤተሰብ መዝገቡ ክርክር መፍትሔው ካሜራውን መቀየር አይደለም። ሁለት ካሜራ ያለው አንዱን ሰፊ ሌንስ ገጥሞ ዳሱን ሁሉ በሚያሳይ ቦታ ትራይፖድ ላይ እየቀረጸ ይተወው፣ የጊዜ ገደብ ካለውም በየጊዜው ያስጀምረው፤ ሁለተኛውን ለሙሽሮቹ ይያዘው። ውሉ ላይ ክሊፑና ሙሉው ቀረጻ ለየብቻ ይጻፉ፤ ምርቃቱና የእንግዳው ዙር ሙሉው ውስጥ እንደሚገቡ በስም ይጠቀስ። ጥሬው ቀረጻም በሁለት ዲስክ ተቀድቶ አንዱ ለቤተሰቡ ይሰጥ። ክሊፑ የሙሽሮቹ ነው፤ ሙሉው ቀረጻ ግን ደግሶ ላበላውና መጥቶ ለመረቀው ዘመድ ሁሉ ስለሆነ፣ ዋጋ ሲቆረጥ ወላጆችም ከቀራጩ ጋር ቢቀመጡ ይሻላል።