ደጋፊ ፍለጋ ደጅ መጥናት

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ በፔንሲልቫንያ ግዛት የዊልያምስፖርት ከተማ ነዋሪ የሆኑት ሚስተር ካርል ስቶትዝ፥ ለትንንሽ ልጆች ዐቅም የተመጠነ ሜዳና ልብስ ያለው የቤዝቦል ማኅበር ለማቋቋም አሰቡ። ሐሳቡ አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ገንዘቡ ነበር።

ለአንድ ቡድን ልብስ መግዣ የተፈለገው 30 ዶላር ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሚስተር ስቶትዝ ከበር ወደ በር ሲዘዋወሩ ከሃምሳ የሚበልጡ ነጋዴዎች እንቢ አሏቸው። ደጅ የጠና ሰው ይህን ያውቀዋል። በመጨረሻ አንድ የወተት ኩባንያ እሺ አለ፤ የጣውላ ነጋዴና ፕሬትዝል የተባለውን ጨዋማ ብስኩት የሚሠራ ድርጅትም ተከተሉት። ቡድኖቹ በየደጋፊዎቻቸው ስም ተጠሩ። ጁን 6 ቀን 1939 በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ ጣውላው ወተቱን 23 ለ 8 ረታ፤ አስቀድሞ እሺ ላለው ኩባንያ ይህ መልካም ወሮታ አልነበረም።

ሊትል ሊግ የተባለው ይህ ማኅበር እየሰፋ ሲሄድ፥ በ1948 የኬድስ ጫማ ሠሪ የሆነው የዩናይትድ ስቴትስ ጎማ ኩባንያ የአገር አቀፍ ደጋፊ ሆነ። ያን ጊዜ የሚለመነው በሠላሳ ዶላር መሆኑ ቀረ። ነገር ግን ከኩባንያው የመጡት ሚስተር ፒተር ማክገቨርን ፕሬዚዳንት ከሆኑ በኋላ፥ ማኅበሩን ማን ይምራው በሚለው ነገር ከመሥራቹ ጋር ተጣሉ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1956 በስምምነት ሲያበቃ፥ ሚስተር ስቶትዝ በየደጁ ለምነው ካቆሙት ማኅበር ተሰናበቱ።