እጅ ሲዝል የደከመው ማን ነው?

እስቲ አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ አንሱና ክንዳችሁን ወደፊት ዘርግታችሁ ያዙት። አንድ ኪሎ ገደማ ነው፤ መጀመሪያ ምንም አይመስልም። ትንሽ ቆይቶ ትከሻችሁ ያቃጥላችኋል፣ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል፣ በመጨረሻም ክንዳችሁ ይወርዳል። የደከመው ጡንቻው ነው ወይስ ትእዛዝ የሚሰጠው አንጎል?

ጥያቄው የጨዋታ አይደለም። ስትሮክ የመታው ሰውና የክንዱ ነርቭ የተጎዳበት ሰው ሁለቱም ብርጭቆ ማንሳት ሊያቅታቸው ይችላል። የመጀመሪያው ጉዳቱ ትእዛዙ ከሚመነጭበት ከአንጎል ነው፤ የሁለተኛው ግን መንገዱ ላይ ነው። ሕክምናቸውም ይለያያል። በእጅ የሚጨበጥ የኃይል መለኪያ ስንት ኪሎ እንደጨበጡ ይነግረናል፤ ለምን እንዳነሰ ግን አይነግረንም። (የአንድ ሰው ግማሽ አካል በድንገት ከዛለ ልኬት አይጠበቅም፤ ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው።)

ታዲያ በምን እንለይ? ጡንቻ ሲሠራ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቆዳ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ይህንን ማዳመጥ ኤሌክትሮማዮግራፊ፣ ባጭሩ ኢኤምጂ ይባላል። ምልክቱ ቢበዛ ጥቂት ሚሊቮልት ነው፤ የሪሞት ባትሪ ድንጋይ 1,500 ሚሊቮልት መሆኑን አስቡ። ስለዚህ እኛ ኢንጂነሮች ምልክቱን እናጎላዋለን፣ ከመብራት መስመር የሚገባውን የ50 ኸርዝ ረብሻ እናጣራለን፣ በሰከንድ 1,000 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እንመዘግባለን። ክንድ እየዛለ ሲሄድ ምልክቱ ይጎላል፤ አንጎል ተጨማሪ የጡንቻ ክሮችን ለእርዳታ ስለሚጠራ ነው። በዚያው ልክ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ ኤሌክትሪኩ በክሮቹ ላይ የሚጓዝበት ፍጥነት ስለሚቀንስ ነው።

ኢኤምጂ ብቻውን ግን አይበቃም። በ1954 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ፓትሪክ ሜርተን አንድ ብልህ ሙከራ አሳተመ። ሰውየው ባለ በሌለ ኃይሉ በአውራ ጣቱ ሲጫን፣ ነርቩ ላይ አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይሰጠዋል። ኃይሉ ከጨመረ ጡንቻው ገና አቅም ነበረው፤ ሙሉ ትእዛዝ አልደረሰውም ማለት ነው። ካልጨመረ ያለውን ሁሉ ሰጥቷል። (ይህን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት!) በሜርተን ሙከራ ኃይሉ አልጨመረም፤ ስለዚህ ድካሙ ያለው ጡንቻው ውስጥ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ ረጅም ሥራ ላይ ትእዛዙ ራሱ እንደሚላላ አሳይተዋል። መልሱ እንግዲህ «ሁለቱም» ነው፤ የየአንዳንዳቸው ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚነግረን ልኬቱ ነው።

አንድ ሰው «እጄ አልታዘዝ አለኝ» ሲል «ሰነፍ ነህ፣ ጠንከር በል» ማለት ይቀለናል። እሱ ግን ያለውን ሁሉ እየሰጠ ሊሆን ይችላል። ይህን ዓይን አያይም፤ ምቱ ያሳያል።