በአጥንቱ የቆመ ቤትና በቆዳው የቆመ ቤት፤ ስለ ሁለት ዐይነት የእንጨት ግድግዳ

የእንጨት ቤት ሁለት ዐይነት አቋቋም አለው። አንደኛው ቋሚና አግዳሚ እንጨት ተመትቶ አጽም ከተሠራለት በኋላ የሚለበሰው ነው። ሁለተኛው አጽም የሌለው፣ ሸክሙን ልባሱ ራሱ የሚችለው ነው፤ ይህም ፓነል ይባላል። ሁለቱም አሠራሮች የተስፋፉት በአሜሪካ ስለ ሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያው እናመጣለን፤ በመጨረሻም ነገሩ ከአገራችን ኑሮ ጋር የሚገናኝበትን አንድ ብርቱ ጉዳይ እናሳያለን። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ስለ አጽሙ ቤት

ለአገራችን አንባቢ የአጽም ቤት እንግዳ አይደለም፤ የጭቃ ቤታችን ከዚሁ ወገን ነው። ባሕር ዛፉ በቋሚነት ይተከላል፣ ማገሩ በአግድም ይመታል፣ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተ ጭቃ ይመረግበታል። ጣራውን የሚሸከመው ቋሚው ነው፤ የጭቃው ዋና ሥራ ነፋስንና ብርድን መከልከል ነው።

የአሜሪካኑም አጽም በመሠረተ ሐሳቡ ከዚህ አይርቅም። ቀድሞ አናጢዎቻቸው ወፋፍራም ግንድ እየጠረቡና ጫፉን እየቦረቦሩ በመሰካት ብዙ ሰው ተጋግዞ የሚያነሣውን ቤት ይሠሩ ነበር። በ1830ዎቹ በቺካጎ ከተማ ሌላ አሠራር ተነሣ። መሰንጠቂያ ፋብሪካዎች ቀጫጭን እንጨት በአንድ ልክ ስላወጡና በመኪና የተሠራ ምስማር ዋጋው ስለ ረከሰ፣ ጥቂት ሠራተኞች መዶሻና መጋዝ ብቻ ይዘው ቤት ለማቆም ቻሉ። ሰዎችም በቅለቱ ምክንያት «የፊኛ አጽም» አሉት። ነገር ግን ቋሚዎቹ ከመሠረት እስከ ጣራ ሳይቋረጡ ይሄዱ ስለ ነበር፣ ከታች የተነሣ እሳት በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ እንደ ጭስ መውጫ እየተሳበ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ስለዚህ በ20ኛው መቶ ዓመት የየፎቁ ግድግዳ ለብቻው በየወለሉ ላይ የሚቆምበት አሠራር ቦታውን ወሰደ፤ ዛሬም የተለመደው እርሱ ነው።

ቋሚው ብዙውን ጊዜ 38 በ89 ወይም 38 በ140 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በየ40 ወይም በየ60 ሳንቲሜትሩ ያህል ይቆማል። በቋሚዎቹ መካከል ሙቀት እንዳይወጣ የብርጭቆ ጥጥ ይጠቀጠቃል። ከውጭ ኮምፔንሳቶ ወይም ከእንጨት ስንጣሪ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ሰሌዳ፣ ከውስጥ ጂፕሰም ቦርድ ይለብሳል።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ስሌት ማድረግ ይጠቅማል። የብርጭቆ ጥጥ ሙቀት የማሳለፍ መጠን 0.04 ያህል ነው፤ የለስላሳ እንጨት ግን 0.12 ያህል፣ ማለት ሦስት እጥፍ ነው (መለኪያው ዋት በሜትር በዲግሪ ነው)። ቋሚው፣ አግዳሚው፣ የበርና የመስኮቱ ዙሪያ ሲደመር ከግድግዳው ስፋት ሩብ ያህሉን እንጨት ይይዘዋል። ሦስት አራተኛው በ0.04 ሲባዛ 0.03 ይሆናል፤ አንድ አራተኛውም በ0.12 ሲባዛ ያው 0.03 ነው። እንግዲህ ሩቡን ብቻ የያዘው እንጨት፣ ሦስቱን እጅ ከያዘው ጥጥ ጋር እኩል ሙቀት ያወጣል ማለት ነው። ጥጡ ምንም ያህል ቢጠቀጠቅ አጽሙ ራሱ ለሙቀት ድልድይ ሆኖ ይቀራል። ፓነልን ለሚደግፉ ሰዎች ዋናው ማስረጃ ይህ ነው።

2ኛ. ስለ ፓነሉ ቤት

ፓነል ሁለት ስስ ሰሌዳዎችና በመካከላቸው በሙጫ የተጣበቀ ወፍራም ፎም ነው። ሰሌዳው 11 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው የተጨመቀ የእንጨት ስንጣሪ ነው፤ ፎሙም ራዲዮና ቴሌቪዥን ታሽጎ ሲመጣ የምናየው ነጩ ነገር ነው። ጠቅላላ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ 11 ወይም 16 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ይሆናል።

ሰሌዳው ለብቻው ሲያዝ ይጎብጣል፤ ፎሙም ለብቻው በእጅ ይሰበራል። ሁለቱ ተጣብቀው ግን ቤት ይሸከማሉ። ምክንያቱ እንደሚከተለው ነው። ነፋስ ግድግዳውን ሲገፋ አንደኛው ሰሌዳ ይጨመቃል፣ ሁለተኛው ይሳባል፤ ፎሙ ደግሞ ሁለቱን አራርቆ ይይዛል፣ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይንሸራተትም ይከለክላል። የብረት ተሸካሚ ከላይና ከታች ሰፊ፣ በመካከሉ ቀጭን ሆኖ የሚሠራውም በዚሁ ሕግ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ሐሳቡ የተጀመረው በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር በማዲሰን ከተማ ባለው የአሜሪካ መንግሥት የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ ነው። ባለሙያዎቹ በ1935 የቤቱን ልባስ ሸክም ተካፋይ ለማድረግ ሙከራ ጀመሩ። በዚያው ከተማ ታዋቂው አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1936 እና በ1937 በሠራው የጄኮብስ ቤት ሳንቃ በሳንቃ ላይ የተነባበረ ቀጭን ግድግዳ አቆመ፤ ሆኖም ሙቀት የሚይዝ ነገር በመካከሉ አልነበረም። ይህን ጉድለት የሞላው የራይት ተማሪ የነበረው አልደን ዳው ነው። እርሱም በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ክፍለ ሀገር በሚድላንድ ከተማ በፎም የተሞላ ፓነል ለቤት ሥራ አዋለ። ርካሹ የስንጣሪ ሰሌዳ በ1980ዎቹ ገበያውን ሲሞላ አሠራሩ ይበልጥ ተስፋፋ።

የፓነል ሥራ ፈጣን ነው። እስከ 2.4 በ7.3 ሜትር የሚደርስ አንድ ገጽ በሩና መስኮቱ በፋብሪካ ተቆርጦለት ይመጣል፤ በክሬን ተነሥቶም በቦታው ይቆማል። ሳምንታት የሚፈጀው የግድግዳ ሥራ በጥቂት ቀን ያልቃል። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበት ቀዳዳ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። መሠረቱም ሁለት ሳንቲሜትር ቢዛባ አናጢ ቋሚውን ላጭቶ እንደሚያስተካክለው በቀላሉ የሚስተካከል አይደለም።

3ኛ. ስለ መጋጠሚያው

ቴነሲ የሚገኘው የኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በሁለቱ አሠራሮች እኩል ክፍሎች ሠርቶ፣ በአየር ግፊት ፈትኖ ነበር። በ50 ፓስካል ግፊት የአጽሙ ክፍል በደቂቃ 121 ኩብ ጫማ አየር ሲያሾልክ፣ የፓነሉ ክፍል 8 ብቻ አሾለከ። ልዩነቱ 15 እጥፍ ያህል ነው።

ነገር ግን ይህ ውጤት የተገኘው መጋጠሚያው ሁሉ በደንብ በተደፈነበት ክፍል መሆኑን አንባቢ ያስተውል። ያልተደፈነ ሲሆን የሚመጣውን በአላስካ የጁኖ ከተማ አሳይታለች። በ2001 አካባቢ በዚያች ዝናባማ ከተማ በፓነል የተሠሩ ጣራዎች ሲገለጡ፣ የላይኛው ሰሌዳ በመጋጠሚያው መሥመር ላይ በስብሶ ተገኘ። ውሃው ከሰማይ የወረደ ብቻ አልነበረም። የቤቱ ሞቃትና እርጥብ አየር በመጋጠሚያው ስንጥቅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቀዝቃዛው ሰሌዳ ሲደርስ ወደ ጠልነት ይለወጣል፤ ሰሌዳውም ሳይደርቅ ይኖራል። ችግሩ በመጋጠሚያው ላይ እንጂ በፓነሉ ገላ ላይ አልነበረም።

በዚህ ረገድ የአጽሙ ቤት ይቅር ባይ ነው። አየር ስለሚያሾልክ የረጠበው ይደርቃል፤ አንድ ቋሚ ቢበሰብስ ወይም ምስጥ ቢበላው እርሱ ብቻ ወጥቶ ሌላ ይገባል። በፓነል ግን ሸክሙን የሚችለው ሰሌዳው ስለ ሆነ፣ ሰሌዳው ሲበሰብስ የተነካው አጥንቱ ነው። ፎሙም በ100 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ ስለሚለሰልስ፣ እሳት ቶሎ እንዳይደርስበት ከውስጥ ጂፕሰም ቦርድ መልበሱ ግዴታ ነው። ምስጥም ፎምን ባይመገበው ሰርስሮ ያልፍበታል።

4ኛ. ነገሩ ለእኛ ምን ይሆናል?

ፓነል የብርድ አገር ልጅ ነው። በማዲሰን የጥር ወር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች ስለሚወርድ፣ ቤተሰቡ ክረምቱን ሙሉ ነዳጅ ያነዳል፤ ያልሾለከው ሙቀት ሁሉ የተረፈ ገንዘብ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ብትሆንና ሌሊቷ ቢቀዘቅዝም፣ ቤትን በማሽን ማሞቅ የተለመደ አይደለም። የማይነድ ነዳጅ ሊቆጠብ አይችልምና በማዲሰን የሚገኘው ትርፍ እዚህ በዚያው መጠን አይገኝም።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጉዳይ አለ። በብዙ ቤታችን ከሰል ይነዳል፤ ቡናው ይፈላበታል፣ ወጡ ይሠራበታል፣ በብርድ ሌሊትም ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣል፤ ይህም ከደም ጋር ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የጭቃው ቤት በግድግዳው አናትና በቆርቆሮው መካከል፣ በበሩም ሥር አየር ስለሚያስገባ አደጋው በመጠኑ ይቀንሳል፤ እንዲያም ሆኖ በር ዘግተው ከሰል አንድደው ያደሩ ሰዎች ይሞታሉ። 15 እጥፍ በተዘጋ ክፍል ውስጥማ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። በአሜሪካ ቤቱ ሲደፈን ንጹሕ አየር የሚያስገባና የቆሸሸውን የሚያወጣ መሣሪያ አብሮ ይተከላል። ግድግዳውን ገዝቶ መሣሪያውን የተወ ሰው ግማሽ ቤት ገዝቷል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ሕይወትን የሚጠብቀው ነው።

ስለዚህ ፓነል ይሻላል ወይስ አጽም የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። በሙቀት አያያዝና በፍጥነት ፓነሉ፣ በጥገናና በትዕግሥት አጽሙ ይበልጣል። አዲስ ግድግዳ ወደ አገራችን እናስገባ የሚል ሰው አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠየቅ። መጋጠሚያውን የሚደፍን የሠለጠነ እጅ ማን ነው? ሰሌዳው ሲበሰብስ በምን ይጠገናል? በቤቱ ውስጥ የሚነደው ምንድን ነው፣ አየሩስ በየት ይገባል? የፓነሉ ዋጋ መነገር ያለበት የእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ከተገኘ በኋላ ነው።