የክትባት መዝገብ ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የሚሰጠው ምስክርነት

በደባርቅና በዳባት፣ በስሜን ተራሮችም ግርጌ ባሉት ቀበሌዎች የሕፃናትን ተቅማጥ የማያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው። ሕፃኑን በድንገት ያስመልሰዋል፤ ያተኵሰዋል፤ እንደ ውሃ የቀጠነ ያስቀምጠዋል፤ ዓይኑም ይጐደጕዳል። የዚህ ሕመም አንዱ ምክንያት ሮታ ቫይረስ የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ሮታ በላቲን ቋንቋ መንኰራኵር ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት ከመልኩ ነው። እጅግ ጥቂት ሆኖ ወደ አፍ ቢገባ እንኳ ስለሚያሳምም፣ ንጽሕና ብቻውን አይገታውም። ስለዚህ በ2006 ዓ.ም. በአፍ የሚሰጠው ክትባት በአገራችን ተጀመረ፤ ይኸውም በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት የሚሰጥ ነው።

ክትባቱ ከተሰጠ ዘንድ መዝገብ ለምን ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። መልሱ፣ ያው ክትባት በየአገሩ እኩል አለመሥራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ ክትባቱ ከባዱን የሮታ ቫይረስ ተቅማጥ በደቡብ አፍሪካ ከመቶ 77 እጅ፣ በማላዊ ግን 49 እጅ ያህል ብቻ ቀንሶ ተገኝቷል። እንግዲህ የሌላውን አገር ቍጥር ለስሜን ሕፃን መዋስ አይገባንም።

ምርምሩ የሚካሄድበት አንዱ መንገድ እንዲህ ነው። በተቅማጥ ታመው የመጡ ሕፃናት ዓይነ ምድር ይመረመራል። ሮታ ቫይረስ የተገኘባቸው በአንድ ወገን፣ ያልተገኘባቸው በሌላ ወገን ይመደባሉ። ከዚያም መዝገብ ተገልጦ በየወገኑ ከመቶ ስንቱ እንደ ተከተበ ይታያል። ክትባቱ የሚከላከል ከሆነ፣ የተከተቡት በፊተኛው ወገን አንሰው ይገኛሉ። የእናት ቃል ብቻውን እዚህ አይበቃም፤ የፖሊዮ ጠብታም በአፍ ስለሚሰጥ፣ ሁለቱን የሚለየው ጽሑፉ ነው።

ዳባት ለመዝገብ ሥራ እንግዳ አይደለችም። የጐንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት ሲከታተል ቈይቷል።

ነገር ግን ቀኑ የተሳሳተ መዝገብ ያሳስታል። ልጁ «በሚካኤል ዕለት ተወለደ» ይባላል፤ የየትኛው ወር ሚካኤል እንደሆነ ግን ይረሳል። ደግሞም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። ቤተ ሰቡ ክርስትናውን ጠብቆ የሚያስከትብ የሆነ እንደሆነ፣ ወንዱ በጊዜው ይደርሳል፤ ለሴቲቱ ግን 42ኛውም 70ኛውም ቀን አልፏል። የልደቷ ቀን በትክክል ካልተጻፈ ይህ መዘግየት አይታይም፤ ያልታየውም አይታረምም።

ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የምትችሉ ሁሉ፣ የልደትን ቀን ከነወሩና ከነዓመተ ምሕረቱ በዕለቱ ጻፉ። የክትባቱን ካርድ እንደ ቤት ሰነድ አኑሩ፤ ልጁም ሲታመም ይዛችሁ ሂዱ። ማንበብ ለማይችለው ጎረቤት ካርዱን አንብቡለት፤ ቀኑ ያለፈበት ሕፃን ቢገኝ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ኬላ እንዲወሰድ ምከሩ። የአንዱ ሕፃን ካርድ በትክክል መጻፉ ገና ላልተወለዱትም መድኃኒት ነው።