የብስክሌት ዋጋ፣ የጉምሩክ ታሪፍና የገዢዎች ምርጫ

ብስክሌት እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች የዕለት ተዕለት መጓጓዣ ነው። በአዲስ አበባም ከኮሪደር ልማቱ ጋር የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። የነዳጅ ዋጋና የትራንስፖርት ወጪ በጨመረ ቁጥር ብስክሌት የሚፈልገው ዜጋ ይበዛል። ይሁንና ያው የኑሮ ውድነት የብስክሌቱንም ዋጋ ያንረዋል። ይህ ጽሑፍ ዋጋው ከምን እንደሚመነጭና ገዢው ምን ማመዛዘን እንዳለበት ያብራራል።

ዋጋው ከምን ይገነባል?

ከውጭ የሚገባ ብስክሌት የሚቀረጠው በጉምሩክ ዋጋው ላይ ተመሥርቶ ነው። የጉምሩክ ዋጋ የዕቃውን የግዢ ዋጋ፣ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪን ያካትታል። በዚህ ዋጋ ላይ በመጀመሪያ የጉምሩክ ቀረጥ ይሰላል። ቀጥሎም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚታሰበው በጉምሩክ ዋጋውና በቀረጡ ድምር ላይ ነው። እንደ ዕቃው ዓይነት ሱር ታክስና ሌሎች ክፍያዎችም ሊኖሩ ይችላሉ። የአገር ውስጥ ማጓጓዣና የነጋዴው ትርፍ የሚጨመሩት ከዚህ በኋላ ነው።

ምጣኔው ሳይለወጥ ቀረጡ ለምን ይጨምራል?

የጉምሩክ ዋጋ ወደ ብር የሚመነዘረው በውጭ ምንዛሪ ተመን ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል። ለማሳያ ያህል የጉምሩክ ዋጋው 100 የአሜሪካ ዶላር የሆነ ብስክሌትን መውሰድ ይቻላል። አንድ ዶላር 57 ብር ሲሆን የብስክሌቱ የጉምሩክ ዋጋ 5,700 ብር ይሆናል። ቀረጡ 10 በመቶ ነው ተብሎ ቢታሰብ ቀረጡና ተጨማሪ እሴት ታክሱ በድምሩ 1,510 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳሉ። አንድ ዶላር 120 ብር ሲሆን ግን የጉምሩክ ዋጋው 12,000 ብር፣ ቀረጡና ታክሱ 3,180 ብር ይሆናሉ። የታሪፍ ምጣኔው አልተለወጠም፤ የሚከፈለው ብር ግን ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

ብስክሌት በታሪፍ ምደባ

የታሪፍ መጽሐፍ የተዘጋጀው በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የዕቃዎች አመዳደብ መሠረት ነው። በዚህም መሠረት፦

• ሞተር የሌለው ብስክሌት በአንቀጽ 87.12፣
• የብስክሌት መለዋወጫዎች በአንቀጽ 87.14፣
• የብስክሌት ጎማ በ4011.50፣ ካላማዳሪ ደግሞ በ4013.20፣
• የራስ ቁር በ6506.10 ይመደባሉ።

በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ ብስክሌት የሚመደበው ከሞተር ብስክሌቶች ጋር በ8711.60 ነው። ስለዚህ ዳገታማ በሆነ ከተማ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ለመግዛት ያሰበ ሰው የተራውን ብስክሌት ምጣኔ ይዞ ቢያሰላ ሊሳሳት ይችላል።

የኑሮ ውድነት ምርጫን እንዴት ይለውጣል?

አቅሙ የተወሰነ ገዢ ብዙውን ጊዜ ያገለገለ ብስክሌት ይፈልጋል፤ አለዚያም ርካሹን አዲስ ይመርጣል ወይም ያለውን እያስጠገነ ይቆያል። ሦስቱም ምክንያታዊ ናቸው። አደጋው ያለው ወጪ ለመቀነስ ሲባል ፍሬን፣ መብራትና የራስ ቁር ሲተዉ ነው። በዚህ የተቆጠበው ገንዘብ ለአንድ ጉዳት ሕክምና ላይበቃ ይችላል።

መለዋወጫም እንደ ብስክሌቱ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በመሆኑም ጎማው፣ ካቴናውና ፍሬኑ በአካባቢው ገበያ የማይገኝ ብስክሌት ሲገዛ ርካሽ ቢሆንም ሲያዝ ውድ ይሆናል። በቀን 40 ብር የታክሲ ወጪ የሚያስቀር የ20,000 ብር ብስክሌት ዋጋውን የሚመልሰው በ500 የሥራ ቀናት ነው፤ ይህም በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ ነው። ብስክሌቱ ለመለዋወጫ እጦት ከቆመ ይህ ስሌት ይፈርሳል።

ከግዢ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

1. ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን ማካተቱን መጠየቅና ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል፤ በቴላዮው ላይ ያለውን ቁጥር መዝግቦ መያዝ።
2. ያገለገለ ብስክሌት ሲሆን የሻጩን የባለቤትነት ማስረጃ መመልከት፤ ፍሬኑንና ቴላዮውን በጠጋኝ ባለሙያ ማስፈተሽ።
3. የአንድ ዓመት የጎማ፣ የካላማዳሪና የጥገና ወጪን ከመሸጫ ዋጋው ጋር ደምሮ ማወዳደር።
4. ከውጭ የሚያስመጣ ሰው ዕቃው ከመጫኑ በፊት የታሪፍ ምደባውንና ወቅታዊ ምጣኔውን ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ፤ የግዢ፣ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ሰነዶቹን መያዝ።

በተሰላበት ቀረጥ ያልተስማማ አስመጪ ሰነዶቹን አያይዞ ለጉምሩክ ኮሚሽን ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ ይችላል።