ኦፐርኩለም፦ የባሕር ቀንድ አውጣ ክዳን

የባሕር ቀንድ አውጣ ሲነካ ሰውነቱን ሰብስቦ ዛጎሉ ውስጥ ይገባል። መጨረሻ ላይ የሚገባው የእግሩ ጫፍ ነው። በዚያ ጫፍ ጀርባ ላይ የተጣበቀ ጠንካራ ነገር አለ፤ ሰውነቱ ተጠቃሎ ሲገባ የዛጎሉን አፍ ግጥም አድርጎ ይደፍነዋል። የሥነ እንስሳት ባለሙያዎች ኦፐርኩለም የሚሉት ይህንን ነው፤ በላቲን ክዳን ማለት ነው።

ክዳኑ ሸርጣንንና ሌሎች አዳኞችን ያግዳል። ባሕሩ ሲሸሽ ድንጋይ ላይ የቀረው ቀንድ አውጣም ፀሐይ እንዳያደርቀው በሩን ዘግቶ ውሃው እስኪመለስ ይጠብቃል። በብዙዎቹ ዝርያዎች ክዳኑ ስስ፣ ቡናማና ቀንድ መሰል ነው። ቱርቦ በሚባሉት ግን በካልሲየም ካርቦኔት ደንድኖ ድንጋይ ይሆናል፤ ቱርቦ ፔቶላተስ የተባለው ዝርያ ክዳን “የድመት ዐይን” በሚል ስም ለጌጥ ይሸጣል። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ስትሮምበስ ነው። የእሱ ክዳን ጠባብና ሹል ስለሆነ የዛጎሉን አፍ አይሸፍንም፤ እንስሳው አሸዋ ላይ እየተከለው ወደፊት ይዘላል። በር የነበረው አካል መራመጃ ሆኗል!

ይህ ክዳን ዕጣን ውስጥም ይገባል። በሱዳንና በዐረብ አገሮች ተፈጭቶ ከሌሎች ሽቶዎች ጋር ይጤሳል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ለቅዱሱ ዕጣን ከታዘዙት ቅመሞች አንዱ ይኸው የቀንድ አውጣ ክዳን ነው የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው።

አንባቢን የሚያደናግረው ቃሉ በቀንድ አውጣ አለማብቃቱ ነው። ዓሣ ላይ ሲነገር ስንጥቡን ከግራና ከቀኝ የሚሸፍነው አጥንታማ ክዳን ማለት ነው። ከአፍ ጋር እየተፈራረቀ በመከፈትና በመዘጋት ውሃ በስንጥቡ ላይ እንዲያልፍ ያደርጋል። ዓሣ ገዢ ትኩስነቱን ለማየት ገልጦ የስንጥቡን ቅላት የሚመለከተው ይህንኑ ክዳን ነው። ሻርክ ግን የለውም፤ የስንጥቡ ቀዳዳዎች በግልጽ ይታያሉ። በመርከብ ሆድ ላይ የሚጣበቁት ባርናክሎች የሚዘጉባቸው ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎችም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በኮራል ውስጥ ቱቦ ሠርቶ የሚኖረው የገና ዛፍ ትል ደግሞ ሲደነግጥ እንደ ጠርሙስ ቡሽ የሚወትፈው ኦፐርኩለም አለው፤ ይህኛው መልኩን የለወጠ የመተንፈሻ ላባ ነው። እነዚህ ሁሉ ክዳኖች ከአንድ ምንጭ የተወረሱ አይደሉም። ስለዚህ ቃሉን ጽሑፍ ውስጥ ያገኘ ሰው አስቀድሞ “የማን?” ብሎ መጠየቅ አለበት።

ባሕር በሌለን በእኛ በኢትዮጵያውያን ዘንድ ቃሉ ትልቅ ቁም ነገር የሚይዘው ወንዝና ሐይቅ ዳር ነው። በአፍሪካ የቢልሃርዚያን ጥገኛ ትል ተሸክመው የሚያሳድጉት ባዮምፋላሪያና ቡሊነስ የተባሉት ቀንድ አውጣዎች ክዳን የላቸውም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያስተዋሉት የዚህን በሽታ አስተላላፊዎች ሲያጠኑ ነበር። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የሚገኘው ረዘም ያለው ሜላኖይደስ ግን ክዳን አለው፤ ቢልሃርዚያን ከሚያስተላልፉት ወገንም አይደለም። ቀንድ አውጣ ለቀማ ላይ ያለ ባለሙያ ሁለቱን ወገኖች ለመለየት ከሚያያቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው ክዳን ነው። ልዩነቱ ለዓለም ሁሉ አይሠራም፤ በምሥራቅ እስያ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ኦንኮሜላኒያ ባለ ክዳን ነው።

እርስዎም ሐይቅ ዳር ክዳን ያለው ቀንድ አውጣ ስላዩ ብቻ ውሃው ንጹሕ ነው ብለው እግርዎን አይንከሩ፤ ክዳን ያለውና የሌለው በአንድ ውሃ ውስጥ አብረው ይኖራሉ።